ካስማ የማይተከልበት ቀን

ቀርከሃውን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲያስር ረዳቱ «ዓሣ ልታጠምዱ ነው ወይስ ሰማይ ልትወጉ?» አለን። ቲቸር አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። ሦስተኛ ጉዟችን ነበር። በመጀመሪያው «ድንኳን ተካዮች ናችሁ?» ተብለናል። በሁለተኛው «ቃሬዛ ነው እንዴ? ማን ሞተ?» ተብለናል። ቀልድም ይደክማል።

ሁለት ቀርከሃ ነው። በቧንቧ ቁራጭ ሲቀጠሉ አንድ ረጅም ምሰሶ ይወጣቸዋል። ከምሰሶው ጫፍ ሽቦ ይንጠለጠላል፤ ሽቦው ከጫማ ካርቶን ከምታንስ ሬዲዮ ጋር ይገናኛል፤ ሬዲዮዋ ደግሞ ከሞተር ሳይክል ባትሪ። ይህን ሁሉ ተሸክመን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ እኩሌታውን እንደሄድን እንወርዳለን፤ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። ባትሪው የእኔ ድርሻ ነው። ትከሻዬ ላይ የጨርቅ ማንገቻው የሠራው ሰንበር ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ቲቸር የምለው የፊዚክስ መምህር ነው። እኔን ግን አላስተማረኝም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ሳለ ነው የተዋወቅነው። አንድ ቀን ያመጣልኝ ወረቀት ገጹ በሙሉ ነጥብና ሰረዝ ነበር። ያን ሰሞን የስንኝ ቀለም በጣቴ እየቆጠርኩ ብቻዬን ግጥም ስማር ስለነበር ዓይኔ ቶሎ ያዘው።

«ቲቸር፣ ይሄ የምን አገር ግጥም ነው?» አልኩት።

«ግጥም አይደለም። ሞርስ ነው፤ የሬዲዮ ፊደል።»

«ቤት ግን ይመታል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እየመጣ ያስተምረኝ ጀመር። በእስክሪብቶ የፎቶ ኮፒውን ክዳን እየመታሁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያዝኩ። የአገራችን የሬዲዮ መጠሪያ ሁለት ፊደል ነው፤ አንዱ ነጥብ ብቻ፣ ሌላው ሰረዝ ብቻ። ከዚህ ያጠረ መጠሪያ ያለው አገር ይኖር እንደሆነ አላውቅም። በመካከላቸው ትንሽ ካልተነፈስክ ግን ሁለቱ ይጣበቁና ሌላ ፊደል ይሆናሉ። እኔ ብዙ ጊዜ አጣብቄያቸዋለሁ። መቸኮል ያጠቃኛል።

የሬዲዮ ፈቃዱ የቲቸር ነው፤ ሬዲዮዋም የእሱ ናት። እኔ እሱ ባለበት ብቻ ነው የምነካት። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለች ሬዲዮ አንግበው ተራራ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ደሞዝ የለውም፣ ሽልማትም የለውም። ከተራራው ራስ ላይ ሆነህ ቢያንስ አራት ሰው፣ አራት የተለያየ ቦታ ያለ ሰው ካገኘህ፣ ያ ተራራ ከተቆጠሩት ጋር ይቆጠራል። ሦስት ከሆነ አይቆጠርም። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

ቲቸር ይህን ተራራ ከሚያስተምርበት ክፍል መስኮት ያየዋል። ለሦስት ዓመት ጀርባውን ለጥቁር ሰሌዳው ሰጥቶ ተማሪ ሲፈትን ያየው የነበረው እሱን ነው። መጀመሪያ የወጣን ቀን የባትሪውን ማያያዣ ቤት ረስቼው በባዶ ወረድን። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሱ ግን አንድም ቃል አልተናገረኝም። ሁለተኛውን ጉም በላብን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ዝውውሩ ወጣ፤ ሚስቱ ወዳለችበት ሩቅ ቆላ ነበር የተመደበው። ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ዝውውር ስለሆነ እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረም። የጭነት መኪናው ለማግሥቱ ጠዋት ተይዟል። የቀረው አንድ ቀን፣ አንድ ተራራ፣ አራት ሰው ነበር።

«ይህችን ሳልዘጋ ብሄድ ያሳክከኛል» አለኝ ጋሪው ላይ። ከዚያ በላይ የሚናገር ሰው አይደለም።

በዚህ ዘመን አንቴና ይዞ ተራራ መውጣት ሌላም ጣጣ አለው። የፈቃዱን ወረቀትና የቀበሌውን ማኅተም ከመንገድ እስከ ተራራው እግር ሦስት ቦታ ለፈታሾች አሳይተናል። ሦስቱም ጋ ቲቸር ከሀ ጀምሮ አስረድቷል። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ድምፁ የትምህርት ቤት ደወል እንደሰለቸው ዘበኛ ድምፅ ሆኖ ነበር። ሽቅብ ስንጀምር ሁለታችንም ገና ሳንወጣ ደክመናል።

ወሩ ሰኔ ነው። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፣ የዳጉሳው ማሳ አረንጓዴ ጭስ ይመስላል። ከተራራው ወገብ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጥዱና ወይራው ከቦታል። ከዚያ በላይ ያለው ራሱ ግን መላጣ ነው፤ ሣርና ቋጥኝ ብቻ። ዛፍ የለም። ስለዚህ ምሰሶውን ለማቆም በሦስት ገመድ ወጥረን ገመዶቹን በካስማ መሬት ላይ እንመታለን። ከሌላው ሁሉ በፊት የሚሠራው ይህ ነው።

የመጀመሪያውን ካስማ አቁሜ መዶሻውን ሳነሣ ከታች አንድ ድምፅ ጮኸ።

«ተው! ኧረ ተው አንተ ልጅ! በታቦቱ!»

አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ሽቅብ ይመጣሉ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ በዚያ ዕድሜ ያ አካሄድ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከሰበካው ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። ሥራቸው በዓል ማስከበር ነው። እኛ ከከተማ ስንነሣ ቀኑ ረቡዕ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ግን የታች ቤተ ክርስቲያኑ ታቦት ወርኃዊ በዓል ነበር፤ በዚያን ቀን ደግሞ መሬት አይነካም።

ቲቸር ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ቤተሰብ፣ ከብት፣ ዝናብ፣ አዝመራ። ሁሉም ደህና ሆኖ ሲያበቃ ሽማግሌው ወደ ካስማው ጠቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ገመድ ማሰሪያ ነው አባቴ። ትንሽ ነው፤ አንድ ክንድ እንኳ አይገባም።»

«በታቦቱ ቀን መሬት ተወግቶ በረዶ ቢወርድ በቆሎውን ማን መልሶ ሊዘራልን ነው? አንተ ነህ?»

ቲቸር በረዶ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያስተምረዋል። አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ከዚያ ታች ያለውን በቆሎ አየና ዘጋው።

«እንግዲያስ ድንጋይ ከምረን እናቁመው?»

«ድንጋይ መከመር ሥራ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ምን ይሻለናል አባቴ?»

«ነገ ና።»

«ነገ አልኖርም። ተዛውሬያለሁ፤ ጠዋት እሄዳለሁ።» ከዚያ ያን የማይናገር ሰው ምን እንደነካው አላውቅም፣ ሁሉንም ነገራቸው፤ መስኮቱን፣ ሦስቱን ዓመት፣ አራቱን ሰው፣ የረሳሁትን ማያያዣ ሳይቀር። ሽማግሌው አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አሳርፈው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«እና ይህች ተራራ ከእነማን ጋር ነው የምትቆጠረው?»

«ከዓለም ተራሮች ጋር።»

«እስከ ዛሬ አልተቆጠረችም?»

«አልተቆጠረችም።»

ቅር አላቸው። በግልጽ ቅር አላቸው። ወደ ቀርከሃው ሄደው በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«ይኼ እስከ መቼ ነው የሚቆመው?»

«አራት ሰው እስክናገኝ።»

«አምጣው ወዲህ። እኔ እይዘዋለሁ።» ቲቸር ሊከራከር ሲል መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። «መቆም ሥራ አይደለም። ስንቆም ነው የኖርን።»

እንዲህ ሆነና አንቴናችንን የተከልነው ሰው ላይ ነው። የመቋሚያቸውን ራስ ቀኝ ብብታቸው ሥር አስገቡ፤ ቀርከሃውን በግራ ክንዳቸው አቅፈው እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ። የሽቦውን ሁለት ጫፎች ጥንትም እዚያው ከነበሩ ቋጥኞች ጋር አሰርን። ማሰር ከሥራ ይቆጠር አይቆጠር አልጠየቅንም፤ እሳቸውም አላነሡብንም።

ቲቸር ማዳመጫውን አጥልቆ መጣራት ጀመረ። እኔ ደብተሩን ያዝኩ። ብዙም ሳይቆይ ከቡልጋሪያ አንድ ሰው መለሰ። ቲቸር የጥሪ ስሙን ደገመለት፣ ሁለት ቁጥር ነገረው፣ ሁለት ቁጥር ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ጨረሰ። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«ተጣላችሁ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ አልተጣላንም አባቴ። አገኘሁት፤ አንድ ሆነ።»

«ደህና ነህ እንኳ አላልከውም።»

«አምሳ ዘጠኝ ብዬዋለሁ። ድምፅህ ጥሩ ይሰማል ማለት ነው።»

«የእሱ ድምፅ ለእሱ ምን ያደርግለታል? ልጆቹስ? ዝናብ ጥሏል ወይ አገሩ?»

ሁለተኛው ከቆጵሮስ ነበር። ሽማግሌው በዚህኛው ተደሰቱ። «ቆጵሮስን አውቃታለሁ። ሐዋርያት የሰበኩባት ደሴት ናት። እነሆ በጾማቸው ተገናኘን!» አሉ፤ ቀርከሃውም ከደስታቸው ጋር ተወዛወዘ። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ከፖላንድ።

«ፖላንድን አላውቃትም» አሉ። «ሴትዮዋም ተራራ ላይ ናት?»

«የለም፣ ከቤቷ ነው የምታወራው።»

«ደግ አድርጋለች።»

ሦስቱ የመጡት በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። አራተኛው ግን ጠፋ። ፀሐይ ወደ አናታችን ስትወጣ ድምፆቹ እየሳሱ ሄዱ፤ ማዳመጫው ውስጥ የሚሰማው የዘይት ድስት የመሰለ ጩኸት ብቻ ሆነ። ቲቸር ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደደገመው አልቆጠርኩም። ድምፁ ሰለለ። በቡሬ በኩል ደመና እየተቆለለ ነበር፤ ገና ሩቅ ነው፤ ግን የሰኔ ደመና ሩቅ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ሣሩ ላይ ተጋድሜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቢበቃንስ እያልኩ ነበር። ሦስት ጊዜ ወጥቶ አለማግኘት ከአለመውጣት የበለጠ ያደክማል።

«አባቴ፣ እህል ቀምሰዋል?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?» አሉ ተገርመው። ከንጋት ጀምሮ ማኅሌት ቆመው እንደመጡ ያኔ ነገሩን።

ቲቸር ተነሥቶ ወደ እሳቸው ሄደ። «ትንሽ ይቀመጡ፤ እኔ ልያዘው።»

«እንግዳ አቁሜ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የለም እኮ እዚህ።»

«እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ቲቸር ቀርከሃውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ክርናቸውን አጠበቁበት። ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሁለተኛው ላይ ተቆጡ፤ እውነተኛ ቁጣ ነበር፤ «ልታዋርደኝ ነው?» አሉት። ተመልሶ መጣ።

«ስንት ቀራችሁ?» አሉ ከኋላችን።

«አንድ።»

«አንድማ ምን አላት።»

ቲቸር ማዳመጫውን ለእኔ ሰጠኝ። «ድምፅ የማይደርስበት ሞርስ ይደርሳል» አለ። የሞርሱን መምቻ ጉልበቴ ላይ አስሬ መጥራት ጀመርኩ። ነጥብ፤ እስትንፋስ፤ ሰረዝ። ጣቴ ከጭንቅላቴ ቀድሞ እስኪሄድ ድረስ ጠራሁ። ከብዙ ጥሪ በኋላ፣ ከዚያ የዘይት ጩኸት ሥር፣ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ አንድ ሰው መለሰ። የላከው ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የጥያቄ ምልክት ነበር። አገራችንን ሰምቷል፤ የቀረውን አልሰማም።

«አለ!» አልኩ። ቲቸር በጉልበቱ ተንበርክኮ ደብተሩን ነጠቀኝ።

ደገምኩለት። የእሱን የጥሪ ስም ላከልኝ፤ አራት ፊደል ያዝኩ፣ አንዷ አመለጠችኝ። ጠየቅሁት። ድምፁ ሰመጠ። ቆይቶ ተመለሰ፤ አሁንም የእኛን ስም እስከ ግማሽ ነው የያዘው። ስሙ ሙሉ ካልሆነ፣ ቁጥሮቹም ካልተለዋወጡ፣ ተገናኘን አይባልም። ድምፁ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ ይላል። ነፋስ መስሎኝ ነበር። ነፋስ ግን አልነበረም። ዞር ስል የቀርከሃው ጫፍ ሰማይ ላይ ቀስ እያለ ክብ ይሠራል።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ግንባራቸው ክንዳቸው ላይ ተደግፏል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት እየደገሙ መሰለኝ። ከጋቢው ሥር ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሊነሣ ሲል እንደሚንቀጠቀጥ ሚኒባስ። እኚህ ሰው እንደማይቀመጡ አወቅሁ። ይወድቁ ይሆናል እንጂ አይቀመጡም። አንድ ቀረ ብለናቸዋልና።

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አለ ቲቸር፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ዓይኑ ከእርሳሱ ጫፍ አልተነሣም። እሱ ወደ ኋላ አላየም።

ማዳመጫውን አወለቅሁ።

«አራት!» ብዬ ጮህኩ። «አራት ሆነ አባቴ! አለቀ!»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ሆነ?»

«ሆነ!»

«ተመስገን» አሉ። ሮጬ ቀርከሃውን ስቀበላቸው አልከለከሉኝም። መቋሚያቸውን ተከትለው፣ በየደረጃው እየቆሙ፣ ቀስ ብለው መሬት ያዙ። ሲቀመጡ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል።

ማዳመጫው ሣሩ ላይ እንደወደቀ ነበር። ቀርከሃውን ይዤ ከቆምኩበት ሆኜ፣ ጸጥታ ስለነበር፣ ይሰማኛል፤ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የጥያቄ ምልክት። ያ ሰው ገና ይጠራን ነበር። ቲቸርም ሰምቶታል። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ዞሮ ሽማግሌውን፣ የሚንቀጠቀጠውን ጉልበት አየ። እስኪገባው ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር። ምሰሶውን እኔ እንደያዝኩ ልንቀጥል አንችልም ነበር፤ አለቀ ብያለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ከፍተው እያዩን ነው።

ጎንበስ ብሎ ሬዲዮዋን ዘጋት።

«በሉ አውርዱት፤ ደመናው መጣባችሁ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ የተጻፈበትን አሳዩኝ።»

ቲቸር ደብተሩን ሰጣቸው። የፈረንጅ ፊደል አያነቡም፤ መስመር ግን ይቆጥራሉ። በአውራ ጣታቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ።

«ሦስት ነው የማየው።»

ቲቸር ተማሪ ግማሽ ነጥብ ሲለምነው እንኳ «የሠራኸው ይኼ ነው» የሚል ነው።

«አራተኛውን ቤት ገብቼ አስተካክዬ ነው የምጽፈው» አላቸው።

«ስሟን በትክክል ጻፍ ታዲያ፤ የተራራዋን።» ተነሥተው መረቁን። ምርቃቱ ከሰላምታውም ይረዝማል፤ መንገዱን፣ አዲሱን አገር፣ ገና ያልተወለዱ ልጆቹን ሳይቀር መረቁለት። እሱ አንገቱን ደፍቶ «አሜን፣ አሜን» ይላል።

ቁልቁል ስንወርድ ቤተ ክርስቲያኑን አለፍን። ዝናቡ ጀመረ፤ በረዶ አልነበረበትም። ባትሪው ከወጣሁበት ይልቅ ከበደኝ።

«የኔ ነበር እኮ» አለ ቲቸር፣ ወደ ፊት እያየ።

«አውቃለሁ።»

«መጠየቅ ነበረብህ።»

«ብጠይቅህ ምን ትል ነበር?»

ጭቃው ውስጥ ብዙ ርምጃ ሄድን።

«አምስት ደቂቃ እል ነበር» አለ።

በማግሥቱ ዕቃ ሲጭን ሄጄ አገዝኩት። አልጋውን በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላው እኔ ይዘን ስናወጣ ስለ ተራራው አላነሣንም። ሬዲዮዋን ከፊት፣ ጭኑ ላይ አድርጓት ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ደውሎልኝ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ትንኙ አውርቶ ሊዘጋ ሲል፣ «ሦስቱን ልኬያለሁ» አለኝ። ተራራ ለሚቆጥሩት ሰዎች ሦስትም መላክ ይቻላል፤ ለሦስቱ ሰዎች ደግ ነው። ለተራራው ግን ምንም አይደለም።

ሽማግሌውን በመስከረም ፍኖተ ሰላም ገበያ አገኘኋቸው። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ሱቅ ደጃፍ፣ የኑግ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሩቅ ለይተው ጠሩኝ።

«ተራራችንን ያስቆጠረው ልጅ ይኸውላችሁ!» አሉ። ጉልበት ስስም ራሴን ይዘው አስቀሩኝ።

«ተቆጥራ ምን አገኘች?» አለ አንደኛው ጓደኛቸው።

«አንተን ማን ቆጠረህ ደግሞ!» አሉት፤ ሦስቱም ሳቁ። በቆሎው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ደህና ነው አሉኝ። እኔም የቲቸርን ደህንነት ነገርኳቸው። ከዚያ እጄን እንደያዙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«መምህር ያችን አራተኛዋን ጻፋት?» አሉኝ።

የሚንቀጠቀጥ ጉልበት አልነበረም፣ የሚመጣ ደመናም አልነበረም። እውነቱን ብነግራቸው የሚወድቅ ሰው የለም።

«ጻፋት አባቴ» አልኩ።

እጄን ለቀቁኝ። እኔም ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ደንበኛ አልነበረም።